እግር ያወጣ ወሬ፣ ክንፍ ያወጣ ኩፍኝ

እትዬ መቀስ ከልብስ ስፌት ሱቃቸው የወጡት ቁልፍ ሊገዙ እንጂ ጭንቀት ሊገዙ አልነበረም። ጭንቀት ግን ሱቅ አያስፈልገውም፤ መንገድ ዳር ቆሞ ለአላፊ አግዳሚው በነጻ ያድላል። እሳቸውም የሰማያዊውን ቁልፍ ከረጢት በብብታቸው ሸጉጠው፣ የልጃቸውን ልጅ በጀርባቸው አዝለው፣ "ዛሬ እጅጌውን ልግጠምና ኮሌታውን ለነገ ላሳድረው ይሆን?" እያሉ ከራሳቸው ጋር ሲማከሩ፣ ዳቦ ቤቱ ማዕዘን ላይ ከወንድማቸው ልጅ ጋር ግንባር ለግንባር ከመላተም ለጥቂት ተረፉ።

ይህችን ልጅ ዘመድ ሁሉ ቁንጫ ይላታል። ስሙን ያወጡላት ራሳቸው እትዬ መቀስ ናቸው፤ አንድ ቦታ አትቀመጥም፣ የተቀመጠችበትን ደግሞ ሳትነክስ አትነሳም። ልጅን በነፍሳት ስም መጥራት የቆየ አመላቸው ነው። በጀርባቸው ያለችውን፣ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራትን ሕፃን፣ ቢራቢሮ ይሏታል። ለእሳቸው ግን "መቀስ"ን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ጨርቅ ሲቀዱም ሰው ሲያሙም እጃቸው አይንቀጠቀጥም ለማለት ነው። ፊት ለፊት ሲሆን "እትዬ" ይጨመርበታል፤ ከኋላ ሲሆን መቀሱ ብቻ ይበቃል።

"አንቺ! ይሄ ሰዓት የትምህርት ነው ወይስ የመንገድ?" አሉ እትዬ መቀስ።

"የትምህርት ነበረ አክስቴ። ትምህርት ቤቱ ነው ሂዱልኝ ያለን።"

"ምን አጥፍታችሁ?"

"እኛማ ጥፋታችን መተንፈሳችን ብቻ ነው። ኩፍኝ ገብቷል። ከታች ክፍል ሁለት ልጆች ተይዘዋል፤ አንደኛዋ የካውያው ልጅ ናት።"

"የቱ ካውያ?"

"ስንት ካውያ አለን? ከሱቅዎ ጎን ያለው ነዋ፣ ልብስ ተኳሹ!"

 እትዬ መቀስ ከረጢቱን ቁልፎቹ እርስ በርስ እስኪንቋቁ ድረስ በብብታቸው ጨመቁት። የካውያው ልጅ ትላንት ከሰዓት ሱቃቸው ውስጥ ነበረች። ዓይኗ ቀልቶ፣ አፍንጫዋ ፈሶ፣ እየሳለች አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጣ ተራዋን ስትጠብቅ ቆይታለች። "የአባቷ ከሰል ጭስ ነው" ብለው ነበር በልባቸው። ቢራቢሮ ደግሞ ከወንበሩ አጠገብ፣ የጨርቅ ቁርጥራጭ በሚጠራቀምበት ቅርጫት ውስጥ ተኝታ ነበር።

አሁን ሕፃኗ በጀርባቸው ላይ ትተነፍሳለች። ሞቃት ትንፋሿ ማጅራታቸውን ይነካል። ሁልጊዜ እንዲህ ይሞቅ ነበር? ትላንት ስንት ጊዜ አስነጠሳት?

"አክስቴ፣" አለች ቁንጫ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ቢራቢሮ ተከትባለች አይደል?"

ይህን ጥያቄ እትዬ መቀስ ከሁሉ በላይ ፈርተውት ነበር። የሕፃኗ እናት በቆርቆሮ ምግብ ፋብሪካ ፈረቃ ነው የምትሠራው፤ ልጇን ለእናቷ ትታ ትሄዳለች። ልጄን ላስከትብ ብላ ለምናለች፣ አኩርፋለች፣ አልቅሳለች። እትዬ መቀስ ናቸው "እኔ ቆሜ እየሄድኩ እቺ ልጅ መርፌ አይነካትም" ያሉት። በቤቱ ደግሞ የእሳቸው ቃል እንደ ወፍራም ሱፍ ነው፤ መቀስ ካልሆነ በቀር የሚበሳው የለም።

"እንሂድ ወደ ሱቅ፤ መንገድ ላይ የሚወራ ነገር አይደለም" አሉና መንገዱን ያዙት። ይህን ያሉት መንገድ ላይ ያልተወራ ነገር ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቅ ሴት ናቸው።

የእትዬ መቀስ ሱቅ ረጅምና ጠባብ ነው። ከበሩ አጠገብ ስፌት መኪናው፣ ከኋላ የመቁረጫ ጠረጴዛው፣ በግድግዳው ርዝመት የደንበኛ መቀመጫ አግዳሚ። ጥጉ ላይ በመጋረጃ የተከለለ መለኪያ ቦታ አለ። ትምህርት ቤቱ የደንብ ልብሱን ቀለም በድንገት ስለለወጠ የሰፈሩ ልጅ በሙሉ ጎርፎባቸዋል። ለእያንዳንዱ ሜትር መዘርጋት ጊዜ ይፈጃል ብለው ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ናሙና ሰፍተው ሰቅለዋል፤ አንዱ ለብሶ ያወልቃል፣ ሌላው ያንኑ ይለብሳል። መስኮቱ ደግሞ በምስማር ተመትቶ ተዘግቷል። ነፋስ የወረቀት ቅዱን እያነሳ አንድ ጊዜ የአንዱን ኮሌታ ከሌላው ጀርባ ጋር አሰፍቷቸው፣ "እኔና ነፋስ በአንድ ሱቅ አንሠራም" ብለው ነው የመቱት።

ገና እንደገቡ እትዬ መቀስ ሦስቱንም ናሙና ከሚስማሩ ላይ መነጨቁ።

"ውሃ ጣጂ! እነዚህን መቀቀል ነው። የልጅቷ ልብስ የነካውን ሁሉ እቀቅለዋለሁ። አግዳሚውንም እቀቅለዋለሁ!"

"አግዳሚው በየትኛው ድስት ይገባልዎታል?"

"አታሹፊ! አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ሲባል አልሰማሽም? እኔ ያለችኝ አንድ ናት!"

"የምቀልደው ፈርቼ ነው አክስቴ። እኔ ስፈራ አፌ ይፈጥናል፤ እርስዎን ነው የወጣሁት።" ቁንጫ የናሙናዎቹን ጫፍ ያዘችና ቀስ ብላ ከእጃቸው ወሰደቻቸው። "ማጠቡ አይከፋም። ግን ኩፍኝ ዋናው መንገዱ ልብስ አይደለም፣ አየር ነው። የታመመ ሰው ሲያስል ሲያስነጥስ ይወጣል፤ ሰውየው ከሄደ በኋላ እንኳ በተዘጋ ክፍል ውስጥ እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ ሊቆይ ይችላል ብለውናል።"

"ምን ዓይነት በሽታ ነው፣ ባለቤቱ ሄዶ እሱ ተቀማጭ የሚሆነው?"

"እንደ ሽቶ ያስቡት። የሰዓት ሠሪው ሚስት ልብስ ለክታ ከሄደች በኋላ ሽቶዋ እዚህ ስንት ሰዓት ይቆያል?"

"እሱማ ምሳዬን አብሮኝ በልቶ ነው የሚሄደው።"

"አዩ? ልዩነቱ ሽቶን ያሸቱታል፣ ይሄን ግን አያሸቱትም፤ ቢሸት ኖሮ መስኮቱን ራስዎ በነቀሉት ነበር።"

እትዬ መቀስ በምስማር የተመታውን መስኮት ቀና ብለው አዩት። ለወረቀት ብለው የዘጉት መስኮት ነው። አግዳሚው ላይ ትላንት የተደረደሩትን ልጆች በዓይነ ሕሊናቸው አስታወሱ፤ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ጎረቤት እንደሚዋዋሰው ወንፊት ሲቀባበል።

"ታዲያ ምን ይሻላል?" አሉ በቀጭን ድምፅ።

"ጤና ጣቢያ እንሂድ። ምናልባት አሁንም ክትባቱ ይጠቅም እንደሆነ እንጠይቅ። እኔ አላውቅም፣ የሚያውቅ ግን አለ።"

ይህን ጊዜ እትዬ መቀስ ያዘሏትን ልጅ በሁለት እጃቸው ወደ ኋላ ደግፈው ቀጥ አሉ። ፍርሃት ሰውን ወደ አንድ በር ብቻ ቢገፋ ጥሩ ነበር፤ የፍርሃት ክፋቱ ግን በሁለቱም በር መቆሙ ነው።

"መርፌ አልሽኝ? ዕድሜ ልኬን ሰምቼ እንዳልሰማ ልሁን? ከወንዙ ማዶ አንዲት ሕፃን በዚሁ መርፌ እግሯ ሽባ ሆኖ አልቀረም? ከኩፍኝ አድናለሁ ብዬ ሽባ ላድርጋት? እናቷ ምን ትለኛለች?"

"ሕፃኗን አይተዋታል?"

"ሰው ነግሮኛል።"

"ማን?"

"ዳቦ ጋጋሪዋ። እሷ ደግሞ ዋሽታ አታውቅም።"

 ቁንጫ በሩን ከፍታ አንገቷን አውጥታ ወደ ጎረቤት "እትዬ ዳቦ! አንድ ጊዜ!" ብላ ተጣራች። ዳቦ ጋጋሪዋ እስከ ክርኗ ዱቄት ለብሳ መጣች።

"ምን ሆናችሁ? ሰው ሞተ?"

"ማንም አልሞተም" አሉ እትዬ መቀስ። "ያቺ እግሯ ሽባ የሆነችው ሕፃን ታሪክ ከማን ነበር የሰማሽው?"

"የወንዝ ማዶዋን? ከጸጉር ሠሪዋ ነዋ! እሷ ጋ የማይሰማ ነገር አለ እንዴ?"

"ወንዝ ማዶ ያለችው እሷ ናት?" አለች ቁንጫ።

ዳቦ ጋጋሪዋ ትንሽ አሰበች። "ወንዝ ማዶ እንኳ አላለችም መሰለኝ። እዚህ ሰፈር ሽባ ሕፃን ስለሌለ፣ ማዶ ትሆናለች ብዬ ነው።"

የጸጉር ሠሪዋ ቤት ከመንገዱ ባሻገር ነው። ሦስቱ ሴቶች፣ አንዷ ዱቄት፣ አንዷ ሕፃን፣ አንዷ ጥያቄ ተሸክመው ተሻገሩ። ጸጉር ሠሪዋ የደንበኛዋን ራስ ማድረቂያው ውስጥ ከትታ ጥፍሯን እየሞረደች ነበር።

"ከማን ሰማሽ?" አሏት እትዬ መቀስ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ።

"እትዬ፣ እየቀለዱ ነው? ከእርስዎ ነዋ!"

"ከኔ?"

"ከራስዎ! ለእህቴ ሠርግ የምለብሰውን ቀሚስ ላስጠብብ የመጣሁ ዕለት፣ እዚያው አግዳሚ ላይ። ከመኪናው ቀና ብለው፣ መርፌውን በአፍዎ ይዘው፣ 'የሰዓት ሠሪውን ልጅ አስከትበዋት እግሯን እየጎተተች ዋለች አሉ' አላሉም?"

እትዬ መቀስ ዞር ብለው ዳቦ ጋጋሪዋን አዩ። "እሷማ… እሷማ ፌንጣ ናት! የሰዓት ሠሪው ልጅ! የተወጋችበት ጭኗ አሟት ትንሽ አነከሰች፣ እናቷ ስትስቅ ነው የነገረችኝ። በማግስቱ እዚያው ሱቄ ውስጥ ናሙናዬን ለብሳ አግዳሚው ላይ ስትዘል በሜትር ነው ያባረርኳት!"

"ለእኔ ማግስቱን አልነገሩኝም" አለች ጸጉር ሠሪዋ ጥፍሯን እያየች። "እግሯ አልታዘዝ አላት አሉ ብዬ ነው ያወራሁት።"

"እኔ ደግሞ፣" አለች ዳቦ ጋጋሪዋ ድምጿ እየቀነሰ፣ "አልታዘዝ ያለ እግር ያው ሽባ አይደል ብዬ…"

ማድረቂያው ሥር ያለችው ደንበኛ ራሷን አውጥታ "ሞተች ሲባል ነው እኔ የሰማሁት" አለች።

ማንም አልሳቀም። በሌላ ቀን ቢሆን ሰፈሩ ለሳምንት የሚስቅበት ነገር ነበር።  የወሬውን ጨርቅ የቀደዱት ራሳቸው እትዬ መቀስ ናቸው፤ አንዷ እጅጌ ገጥማለታለች፣ አንዷ ገበር አግብታለታለች፣ ተመልሶ ሲመጣ ግን የገዛ ቅዳቸውን አላወቁትም። አላወቁትም ብቻ ሳይሆን ለገዛ ልጃቸው ልጅ አልብሰዋታል። በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ የሚባለው ለእሳቸው ተብሎ የተተረተ መሰላቸው።

ኩፍኝም ሆነ ወሬ መንገዱ አንድ ነው። ሁለቱም ከአፍ ይወጣሉ፣ ሁለቱም ዝግ ቤትና የተጨናነቀ አግዳሚ ይወዳሉ፣ ሁለቱም ተሸካሚው መታመሙን ሳያውቅ ያስተላልፋቸዋል። አንድ ነገር ግን ይለያያቸዋል። ኩፍኝ ከልጅ ወደ ልጅ ሲሄድ ያው ኩፍኝ ነው። ወሬ ግን በየቤቱ አንድ እግር ያወጣል።

ወደ ሱቅ ሲመለሱ እትዬ መቀስ የመጨረሻዋን ምሽጋቸውን ያዙ።

"እሺ ሽባው ውሸት ይሁን። ግን ልጄ፣ እኛ ማን ከትቦን ነው ያደግነው? ይኸው አለን፣ አላለቅንም።"

"እርስዎ አሉ አክስቴ" አለች ቁንጫ ሳታስብ። "የሌሉት ግን መጥተው አይከራከሩዎትም።"

እትዬ መቀስ አግዳሚው ላይ ዝርፍጥ ብለው ተቀመጡ። ልጅቷ ያላወቀችው ነገር ነበር። እትዬ መቀስ ታናሽ እህት ነበረቻቸው፤ በልጅነቷ ኩፍኝ ያዛት። በዚያን ጊዜ የታመመን አለመጠየቅ ነውር ነውና ሰፈሩ ልጅ አዋቂ ሳይል ጠባቧ ክፍል ውስጥ ታጭቆ አመሸ፤ ብርሃን ዓይኗን ያማታል ተብሎ መስኮቱ ተዘጋ። እሷ አለፈች። ከጠያቂዎቹ ልጆች ደግሞ ስንቱ ቤት ሐዘን እንደገባ እትዬ መቀስ ልጅ ነበሩና አልቆጠሩም። እሳቸው ተይዘው ዳኑ። ከዚያ ወዲህ "አድገናል" ሲሉ የኖሩት የዳኑትን ብቻ እየቆጠሩ ነው።

"ምን አልኩ? አክስቴ? ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ምላሴን…"

"ምላስሽን ተዪው" አሉ እትዬ መቀስ እየተነሱ። "ዛሬ ከኔ ምላስ ይሻላል። ስልኩን አምጪው።"

ፋብሪካው በር ላይ ያለው ጠባቂ ልጃቸውን እስኪጠራት ድረስ በስልኩ ከፋብሪካው ማሽኖች ጩኸት ሌላ የሚሰማ አልነበረም። እናትየዋ ነገሩን ሁሉ ሰማች።

"እማዬ፣ ስንት ጊዜ ለመንኩሽ?"

"ብዙ ጊዜ ለምነሽኛል ልጄ።"

"አሁን አትንገሪኝ፤ ሩጪ።"

ሮጡም። የጤና ጣቢያዋ ከታቢ ሲያስረዱ አላቋረጠቻቸውም። ረጋ ያለች ሴት ናት፤ ግን ስለ ዝጉ ሱቅ ሲነግሯት ቅንድቧ ተነሳ።

"ትላንት ከሆነ አልረፈደም እማማ" አለች። "ለበሽታው በተጋለጠች በሦስት ቀን ውስጥ ከተሰጣት ብዙ ጊዜ ያስቀረዋል፣ ባያስቀረውም ሊያቀልለው ይችላል። ማስተማመኛ ግን አልሰጥዎትም።"

"ሌላው ሰው ሲያወራኝ እርግጠኛ ሆኖ ነው። አንቺ ብቻ ምነው ታመነቻለሽ?"

"ስለ ልጅ ጤና ሁሉን ነገር በእርግጠኝነት የሚነግርዎ ሰው ካገኙ ይሽሹት። የማውቀውን ልንገርዎት፤ የተወጋችበት ሊያብጥና ሊያማት ይችላል፤ ከሳምንት በኋላ ግድም ትንሽ ልታተኩስ ትችላለች። ከባድ ነገር ከመጣ፣ ብዙ ጊዜ አይመጣም እንጂ፣ እዚሁ ነኝ፣ ይምጡ። ኩፍኙ ግን ሲመጣ ዓይን ይነካል፣ ሳምባ ይነካል፣ አንዳንዴም ይዞ ይሄዳል።"

ቢራቢሮ ተወጋች። ጮኸች። እትዬ መቀስ በመርፌ ሲኖሩ ያልጮኹትን ያህል አብረዋት ጮኹ። ከታቢዋ ለሁለቱም ጥጥ ሰጠች።

ከዚያ በኋላ የመጣው መጠበቅ ነው፤ መጠበቅ ደግሞ ከመሮጥ ይከፋል። እትዬ መቀስ ግን እጃቸውን አጣምረው አልጠበቁም። መጀመሪያ የመስኮቱን ምስማር በመዶሻ ጀርባ ነቀሉ። ነፋሱ እንደ ተሰደበ ሰው እየተንፎለፎለ ገባ፤ ቅዱን ሁሉ በመቀስ፣ በቁልፍ ከረጢት፣ በአሮጌ ፔዳል ተጫኑበት። አግዳሚውን ከነደንበኛው ወደ በረንዳ አወጡት። ናሙናው ተሰቅሎ ቀረ፤ ልጆች አንድ በአንድ በሜትር ይለኩ ጀመር። የሚያስል ልጅ ካለ ቁንጫ ወደ ቤቱ መልሳው፣ "ሲሻልህ እኔ ራሴ መጥቼ እለካሃለሁ፤ ኩፍኝ ይሁን ጉንፋን ግን መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይዩህ" ትለዋለች።

ይህ ቀላሉ ነበር። ከባዱ የቀረው ነው። ከካውያው ልጅ ጋር አግዳሚው ላይ ለነበሩት ልጆች እናቶች በየበራቸው እየቆሙ፣ "ልጅሽ ሱቄ ውስጥ ከታመመች ልጅ ጋር ነበር፤ ካልተከተበ ዛሬውኑ ውሰጂው" ማለት ነበረባቸው።

"እንዴ እትዬ፣" አለቻቸው አንዷ በሯን በግማሽ ከፍታ፣ "ሽባ ያደርጋል ሲሉን አልነበረም?"

"ብያለሁ። አንድ ቀን ያነከሰችን ልጅ ነው በዚያ መልክ ያወራሁት። አሁን በእግሬ የመጣሁት የአፌን ልመልስ ነው።"

"ነገስ ምን ሊሉን ነው?"

 ያቺ ሴት በሩን ዘጋችው። ቃል ከአፍ ሲወጣ ቀላል ነው፤ ሲመለስ ግን በየደጃፉ ተራውን እየጠበቀ፣ እየተሰደበ ነው። ሌሎቹ ግን አብዛኞቹ ሄዱ።

የካውያው ልጅ ሳምባዋን አጥቅቷት ሆስፒታል ገባች። ካውያው በሥራ መካከል ቆሞ እጁ ላይ ያለውን ሸሚዝ እስኪያቃጥለው ድረስ ያፈጥ ነበር። እትዬ መቀስ ከሰል ሊሰጡት እየሄዱ ፊቱን ማየት ያቅታቸዋል፤ ያችን ወሬ እሱም ሰምቶ ይሆን? ልጁን ያላስከተበው በዚያ ምክንያት ይሆን? ሳይጠይቁት ቀሩ፤ መልሱን መሸከም ስለማይችሉ ነው። ሳምንቱ ካለፈ በኋላ ልጅቷ ቀጥና፣ ግን በራሷ እግር ተመልሳ መጣች።

አንድ ቀን ከሰዓት ቢራቢሮ ተነጫነጨች። ጡጦዋን ገፋች፣ ለሐጯ ደረቷን አራሰው፣ ግንባሯ ሞቀ። እትዬ መቀስ ከጆሮዋ ጀርባ አዩ፣ አንገቷን አዩ፣ ሆዷን ገልጠው አዩ። አንዲት ቀይ ነጥብ አገኙ። ትንኝ ትሁን ኩፍኝ ማን ይንገራቸው? ሱቁን እንኳ ሳይዘጉ ጤና ጣቢያ ደረሱ።

ከታቢዋ ሕፃኗን ጭናቸው ላይ አስቀምጣ የእጅ መብራት አበራች። "በኩፍኝ ጊዜ ከጉንጭ ውስጥ ነጫጭ ነጥብ ይታያል፤ አሁን አየዋለሁ" አለች። ጉንጯን በግራ ፈልቀቅ አደረገች። በቀኝ ፈልቀቅ አደረገች። እትዬ መቀስ አብረው ወደ አፏ ውስጥ አጮለቁ።

"ነጭ ነገር አለ" አለች ከታቢዋ።

"ወይኔ ልጄን!"

"ጥርስ ነው እማማ። ሁለት ናቸው፤ ከሥር እየወጡ ነው። ትኩሳቷ ትንሽ ነው፤ የክትባቱም ሊሆን ይችላል። ቀይዋ ነጥብ ግን የትንኝ ናት።"

እትዬ መቀስ እያለቀሱ ሳቁ። ሽፍታው ይወጣል የተባለበት ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ በየቀኑ ቆዳዋን ማየት አልተዉም፤ አንዲትም አልወጣባትም። ያለፈ ጭንቀት ደግሞ እንደ ጣፋጭ ነው፤ ለብቻ አይበላም። በረንዳው ላይ ለተቀመጠ ደንበኛ ሁሉ፣ "ኩፍኝ ፍለጋ ሄደን ጥርስ ይዘን መጣን!" እያሉ አወሩ።

ጥቂት ቆይቶ ዳቦ ጋጋሪዋ ትንሽ ልጇን ታቅፋ ወደ ሱቁ መጣች። ፊቷ ላይ ተስፋ ነበር።

"እትዬ፣ እውነት ነው? መርፌው ጥርስ ያወጣል አሉ። ቢራቢሮ በተወጋች በሦስተኛው ቀን ስድስት ጥርስ አወጣች አሉ። የኔ ልጅ ዓመት አልፎት ድዱ እንደ ሽማግሌ ነው፤ እንኪያስ ልውሰደው?"

ቁንጫ ዓይኗ በራ። ወደ አክስቷ ጆሮ ተጠግታ አንሾካሾከች፣ "አክስቴ፣ ይተዉት! ይሄኛው ወሬ ለኛ ነው የሚሠራው። አንድ ቀን አይፈጅበትም፣ ሰፈሩ ሁሉ ተሰልፎ ይከተባል። ምን ይጎዳል?"

እትዬ መቀስ እግራቸውን ከፔዳሉ ላይ አነሱ። ነገሩ አጓጉቷቸው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር በጣም አጓጉቷቸው ነበር። በየበሩ ቆመው ከለመኑት ይልቅ ይህች አንዲት ውሸት ብዙ ሕፃን ልታስከትብ ትችላለች። በኋላስ? ይህ ልጅ ተወግቶ ጥርሱ ሳይወጣ ሲቀር እናቱ "ዋሹን" ትላለች። ቀጥሎ እውነት ይዘው ሲመጡ በሩ በግማሽ እንኳ አይከፈትላቸውም።

"በበሰበሰ ክር የተሰፋ፣" አሉ ለቁንጫ በለሆሳስ፣ "በመጀመሪያው እጥበት ይተረተራል። አንቺ ትምህርት ቤት ሄደሽ ይሄን አላስተማሩሽም?"

ቁንጫ ሜትሩን አንስታ ትጠቀልል ጀመር።

"ነይ ተቀመጪ የኔ እናት" አሉ እትዬ መቀስ ለዳቦ ጋጋሪዋ። "ጥርስ አያወጣም። ጥርሷ ጊዜው ደርሶ ነው የወጣው፣ ያውም ሁለት እንጂ ስድስት አይደለም።"

የዳቦ ጋጋሪዋ ፊት እንደ ቀዘቀዘ ሊጥ ወረደ። "ታዲያ ምን ያደርጋል?"

"ኩፍኝን ይከላከላል፤ ሥራው እሱ ነው። ልጅሽ በካውያው ልጅ የደረሰው እንዳይደርስበት ያደርጋል፤ ዓይኑን ሳምባውን ያተርፍልሻል። አንቺም ሥራሽን ጥለሽ ሆስፒታል በር ላይ አታድሪም። ደግሞ እሱ ካልታመመ ለሌላው አይሰጥም፤ ለመከተብ ያልደረሱ አራሶች አሉ፣ እነሱን የሚጠብቃቸው የእሱ አለመታመም ነው። ሊያተኩሰው ይችላል። እግሩን ሊያመው ይችላል፣ ቀኑን ሊያነክስም ይችላል። ሁሉንም ከኔ ስሚው፤ ኋላ ከሌላ ሰው እግር አውጥቶ እንዳይመጣብሽ።"

"ጥርስ ግን የለም።"

"ጥርስ የለም።"

ዳቦ ጋጋሪዋ ልጇን አየችው። ልጁ በድዱ ሳቀላት። ነጠላ ጫማዋን አስተካክላ ተነሳች።

"ቁንጫ፣ ምድጃዬን እዪልኝ፤ እንዳያርብኝ" ብላ ልጇን አዝላ ወጣች።

መንገዱን ሳትጨርስ ጸጉር ሠሪዋ ከበሯ ላይ ጠራቻት። "ወዴት ነው?"

እትዬ መቀስ በተከፈተው መስኮት በኩል ጆሯቸውን ሰጡ። ቁንጫም እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች።

"ላስከትብ!" አለች ዳቦ ጋጋሪዋ፣ መንገዱ በሙሉ እስኪሰማ ጮክ ብላ። "ለኩፍኝ ነው! ጥርስ ግን አያወጣም!"